ጦስኝ፣ ቆሎና የሰኞ ጥያቄ

ስሜን ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና ቶሎ ብሎ የሚመጣው በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ያየነው ሥዕል ነው። ገደል አለ፤ በገደሉ አፋፍ ላይ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ዋልያ ቆሟል፤ ከበስተኋላው ጉም ተኝቷል። እኔም በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ለዚህ አምድ የጉዞ ማስታወሻ እንዳዘጋጅ ተልኬ ወደዚያ ስሄድ በልቤ የያዝኩት ይህንኑ ሥዕል ነበር። ዋልያውን አላየሁትም። እውነቱን ለመናገር ፓርኩ ውስጥ የቆየሁትም ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ማስታወሻ ደብተሬን የሞላው የአንዲት መምህርት ወግ ሲሆን፣ ወጉም ስለ ሻይ፣ ስለ ቆሎ፣ ስለ ስፌትና ስለ እንቆቅልሽ ነው። ቀኑን በሥራ ገበታ ላይ ውላችሁ ማታ ደግሞ ከምድጃው ጋር ለምትታገሉ እናቶችና እኅቶች ይህ ወግ ከዋልያው የሚያንስ አይመስለኝም።

ከጎንደር እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስፋልት ስለለበሰ እንደ ቀድሞው ወገብ አይሰብርም። ሚኒባሳችን ገና ጎሕ ሳይቀድ ሞልታ ተነሣች። ረዳቱ ሃያ ዓመት የሚሞላው የማይመስል ልጅ ነው። ሒሳብ ሊቀበለኝ ጎንበስ ብሎ «እርስዎ የት ይወርዳሉ?» ሲለኝ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ባልቴት ያናገረ መስሎኝ ዞር አልኩ። ለካስ እኔን ነው። በአዲስ አበባ ታክሲ «ጠጋ በይ!» መባል ለለመደች ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጎንደር ሰው በአክብሮት ቃል አይሰስትም፤ የዚያ ጉዞ የመጀመሪያዋ ትንሽ ደስታዬ እሷ ነበረች።

አምባ ጊዮርጊስን ካለፍን በኋላ የወገራ ደጋ ተዘረጋ። ወቅቱ አጨዳ ነው። ገብሱ ከፊሉ ቆሟል፣ ከፊሉ ተከምሯል፤ በየማሳው ዳር ሴቶች ነዶ ተሸክመው ይመላለሳሉ። ዳባት ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች፤ ብርዱ ግን አልለቀቀም። ከተማይቱ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። ከመናኸሪያው በር ላይ አንዲት እናት በጋቢ ተጠቅልለው የገብስ ቆሎ በጣሳ ይሸጣሉ። ሁለት ጣሳ ገዛሁ፤ አንድ እፍኝ ምርቃት ጨመሩልኝ። ቆሎው ገና ትኩስ ስለነበር የገዛሁት ለመብላት ይሁን እጄን ለማሞቅ እኔም አላውቅም።

ዳባት ለእኛ ለእናቶች ሌላም ነገር አላት። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በዚህች ወረዳ ቤት ለቤት እየዞረ የሚወለደውን፣ የሚሞተውንና አካባቢውን ለቅቆ የሚሄደውን ሰው የሚመዘግብበት የጥናት ጣቢያ አቋቁሟል። አንዲት እናት በምን ምክንያት እንደሞተች ካልተመዘገበ፣ ሌላይቱን ከዚያው ሞት ማዳን አስቸጋሪ ነው። ይህ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ላቆየው።

ደባርቅ ከዳባትም ትበልጣለች፤ ከፍታዋ ከ2800 ሜትር በላይ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በዚህችው ከተማ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት፣ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቦታዎች ውስጥ ሁለቱ ላሊበላና ስሜን ነበሩ። ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሰንብቶ ወጥቷል። ይህን ለማየት ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ ግን እኔ በደረስኩበት ወቅት አልነበረም። አስጎብኚዎቹ በየቡና ቤቱ ደጃፍ ቆመዋል፤ የጓዝ በቅሎዎቹ በየግቢያቸው ድርቆሽ ያላምጣሉ።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከዚህ ደጋ ዘልቆ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና በተባለው ገጠር ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ ብዙ ቤተሰብ ከብቱንና ቤቱን ጥሎ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ተሰድዷል። የፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲሆን እኔ ደባርቅ የገባሁት ከዚያ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ሰው ገና በሙሉ ልቡ አልተነፈሰም ነበር።

መምህርቲቱን ያገኘኋቸው በቅዳሜ ገበያ ነው። ገበያው ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ድንቹን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ የበግ ጠጉሩን ሁሉ ይዞ ተንጣሏል። ከአንድ ጥግ አንዲት የአሥራ አንድ ወይም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጦስኝ በእቅፍ በእቅፍ አስራ ደርድራለች። ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ጎንበስ ብዬ ሥሩ ከነአፈሩ ያለበትን እስር አነሣሁ፤ እንዲያ ያለው ትኩስ መስሎኛል።

«ሥር ያለውን አይግዙ» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ዞር ስል ጠቆር ያለ ሹራብ ለብሰው ነጠላ የደረቡ፣ ዘንቢል የያዙ ሴት ቆመዋል።

«ሥሩ ከወጣ ለከርሞ የለም። ይችም ልጅ የምትሸጠው ታጣለች፣ እርስዎም የሚገዙት ያጣሉ። ይታጨዳል እንጂ አይነቀልም።»

ልጅቱ ዓይኗን ሰበረች። ቀጥላም ከጆንያዋ ሥር ሌላ እስር አወጣችና «ቲቸር፣ ይኼኛው የታጨደ ነው» አለች። ለካስ ተማሪያቸው ናት። እኔም የታጨደውን ገዛሁ፤ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ እንግዳ በገበያ መሐል ቆሞ አይጫወትም ብለው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ቃል አስገብተውኛል። የአርባ ሰባት ዓመት ሴት ናቸው፤ የሁለት ልጆች እናት፤ ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማሩና በዚያን ጊዜ የአራተኛ ክፍል አማርኛ መምህርት። እናታቸው ፊደል የቆጠሩት ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። (ያ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1980 የዩኔስኮን የማንበብና የመጻፍ ሽልማት ማግኘቱን በዕድሜ የገፋችሁ አንባቢያት ታስታውሳላችሁ።) «እናቴ ስሟን መጀመሪያ የጻፈችው በሊጥ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ጠመኔ ስላልነበራት ቡኮው ላይ በጣቷ ትጽፍ ነበር። እኔ ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ የማስብ ይመስልሻል?» አሉኝ። ከሁለተኛው ብርጭቆ ሻይ በኋላ «እርስዎ» ማለቱን ትተው «አንቺ» ብለውኛል፤ ይህም በዚያ አገር ራሱን የቻለ ማዕረግ ነው።

ሻዩ የጦስኝ ነው። አሠራሩን በዓይኔ አይቼ ልጻፍላችሁ። ውኃው ለብቻው ይፈላል። ከእሳት ሲወርድ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጦስኝ ይጨመርበትና ይከደናል፤ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጠለላል። መምህርቲቱ ጦስኙን አብሮ ማንተክተክን አጥብቀው ይቃወማሉ፤ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ስለሚሄድ። ስኳር ከፈለጉ ይጨምራሉ፤ እሳቸው ግን አይጨምሩም። ጦስኝ በበርበሬና በሽሮ ዝግጅትም ውስጥ እንደሚገባ ለባለሙያዎቻችን መንገር አያስፈልግም። ገበያ ከሚወጣው አንዱ ዓይነት በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ የሚበቅል ሲሆን፣ የሳይንስ ስሙን ያገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን በስሜንና በትግራይ ዕፀዋት ሲሰበስብ ዕድሜውን ከጨረሰው ከጀርመናዊው ሺምፐር ነው። ለሳልና ለጉንፋን መጠጣቱም ከንቱ ልማድ አይደለም። በጦስኝ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ቲሞል የተባለው ቅመም በሳል ሽሮፕና በአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒቶችም ውስጥ ይገባል። ነፍሰ ጡር የሆነች እኅት ግን ከሻይ አልፋ እንደ መድኃኒት አብዝታ ከመውሰዷ በፊት ሐኪም ብታማክር መልካም ነው።

ወደ ወጋችን እንመለስ። በዚያ ክረምት የእሳቸው ትምህርት ቤት የተፈናቃይ መጠለያ ሆኖ ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ሥር እሳት ነደደ፤ ዴስኩ ላይ ሕፃናት ተኙ። ትምህርት ተመልሶ ሲጀመር ከክፍሉ ልጆች ከፊሉ አዲስ ነበሩ፤ ከየገጠሩ የመጡ፣ ደብተር የሌላቸው፣ ስም ሲጠራ «አቤት» ለማለት እንኳ የሚፈሩ።

«ዝምታው ነው የገደለኝ» አሉኝ። «የሚረብሽ ልጅ ትቆጫለሽ፤ ዝም ያለ ልጅ ምን ትይዋለሽ? ቆሜ አነባለሁ፤ ተቀምጠው ያዩኛል። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። ማታ ቤት ስገባ ወጥ የመሥራት አቅም አልነበረኝም። የዝውውር ፎርም ሞላሁ። ወደ ጎንደር። ከዚያ ብሆን ምን እንደሚለወጥ እንጃ፤ ብቻ ልሂድ አልኩ።»

ፎርሙን አስገብተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ተነሥተው ከሣጥን ውስጥ አውጥተው አሳዩኝ። በፊት ለፊቱ ስም፣ የአገልግሎት ዘመን፣ የዝውውሩ ምክንያት ተሞልቷል። በጀርባው የሚሰፉት መሶብ ጥለት በቀይና በአረንጓዴ እርሳስ ተነድፎበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት የሚያስተምሩት ትምህርት አልወጣላቸው ሲል፣ መጽሐፉን ዘግተው «ቅዳሜና እሑድ ምን ደስ አላችሁ?» ብለው ልጆቹን ጠየቁ። ማንም አልመለሰም። ብዙ ቆይታ አንዲት ከኋላ የተቀመጠች ልጅ፣ ያችው የጦስኟ ሻጭ፣ «ቲቸር፣ እርስዎስ?» አለቻቸው።

«የምለው አጣሁ። እውነቴን ነው። ምን ደስ አለኝ? ምንም። ልዋሽ ብል ደግሞ አርባ ዓይን ያየኛል። "ለሚቀጥለው ሰኞ እነግራችኋለሁ" ብዬ አመለጥኩ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ዕዳ ያለበት ሰው ሆንኩ። ማክሰኞ ደስ የሚል ነገር ስፈልግ ዋልኩ፤ ረቡዕም። እነሱን እጠይቃለሁ ብዬ እኔው ተያዝኩ!» ብለው ሳቁ።

በሚቀጥለው ሰኞ ይዘው የገቡት ነገር ጦስኝ ነበር። አንድ ጭብጥ ከገበያ ገዝተው በየዴስኩ አዞሩት። ልጆቹ በመዳፋቸው እያሹ አሸተቱ። አንዱ «እናቴ ለጉንፋን ታፈላልኝ ነበር» አለ፤ ሌላው በእነሱ ተራራ የሚበቅለው እንደሚበልጥ ተናገረ፤ ሦስተኛው አይበልጥም ብሎ ተከራከረ። በዚያ ክፍል ውስጥ በዚያ ዓመት የተሰማ የመጀመሪያው ክርክር እሱ ነው ይላሉ መምህርቲቱ። ክርክሩን ወደ ድርሰት ለወጡት። እያንዳንዱ አምስት መስመር ጻፈ።

ከዚያ ወዲያ ሰኞ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር መያዝ ግዴታቸው ሆነ። ደብተር ከፍተውለታል። ደብተሩን ፈቅደውልኝ ገለጥኩት፤ ብዙው ለሌላ ሰው ትርጉም የሌለው ነው። «የእነ እንትና ዶሮ ስምንት ፈለፈለች።» «ዝናቡ ልብስ ሳሰጣ ሳይሆን ካነሣሁ በኋላ መጣ።» ይህን የመጨረሻውን የማይረዳው ልብስ አጥቦ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

አንድ ገጽ ሙሉ ግን ስለ ቆሎ ነው። እኔም በዚህ ላይ ትንሽ ልዘገይ። በስሜን ደጋ የምግቡ ንጉሥ ገብስ ነው፤ እንጀራው፣ ገንፎው፣ በሶው፣ ጠላው ከገብስ ነው። ለቆሎ ከሚመረጠው ውስጥ ገለባው ከፍሬው ላይ በቀላሉ የሚለቅ ዓይነት አለ፤ ሰነፍ ቆሎ ይሉታል፤ ብዙ መውቀጥና መፈተግ ስለማይፈልግ ሰነፍ ሴት እንኳ ትሠራዋለች ለማለት ነው። (ስሙን ያወጣው ወንድ ሳይሆን አይቀርም።) መምህርቲቱ የቆሎን ክብር የሚያስረዱት በሳይንስ ነው። በዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ ባቄላና አተር ለመብሰል እንደ ቆላው አይቸኩልም፤ እንጨትም ይፈጃል። ቆሎ ግን ምጣድ ከጋለ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። «አያቶቻችን ዲግሪውን አይለኩትም እንጂ እንጨቱን ይለኩታል» አሉኝ። በእረፍት ሰዓት ከሹራባቸው ኪስ ቆሎ አውጥተው ከጓደኞቻቸው መምህራን ጋር ይቃመሳሉ፤ ያችን ሩብ ሰዓት በምንም እንደማይለውጧት ይናገራሉ።

ማታ ማታ ደግሞ ስፌት አለ። ሦስት ጎረቤታሞች በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ አንዷ ስንደዶዋን፣ አንዷ አክርማዋን፣ አንዷ ወስፌዋን ይዛ። እኔ በገባሁበት ምሽት መምህርቲቱ የሚሰፉት መሶብ ወገቡ ላይ ደርሶ ነበር። አለላው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሐምራዊ ተነክሮ በቁና ተቀምጧል። እጃቸው ሲሠራ ጆሯቸው የሚሰማው ስልካቸው ላይ የተጫነውን የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን። የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መምህርቲቱ ልጅ ነበሩ። በሰፈሩ አንድ ሬዲዮ ብቻ ስለነበር በሰው ቤት መስኮት ሥር ተቀምጠው ሰሙት። አሁን ስንተኛ ጊዜያቸው እንደሆነ አያውቁም። ሰብለ ወንጌል ስትናገር አንዷ ጎረቤት ወስፌዋን አቁማ «እስቲ ዝም በሉ» ትላለች፤ ሁሉም ዝም ይላል። መጨረሻውን ያውቁታል፤ ያም ሆኖ ዝም ይላሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ለስንቱ ነገር ጊዜ የለኝም እንደምል በዚያች ምሽት ታወሰኝ። ቤቴ ውስጥ እናቴ ያወረሰችኝ ያልተጨረሰ ሰፌድ ከቁም ሣጥን ላይ ከተቀመጠ ስድስት ዓመቱ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሊማሊሞ ወጣን። ከደባርቅ ቀጥሎ ደጋው በድንገት ይቆረጣል፤ መንገዱም እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። ይህን መንገድ መጀመሪያ የቆረጡት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ነው። በዚሁ አካባቢ በወልቅፊት የመሸገው ጦራቸው እጁን የሰጠው መስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ እንኳ እዚያ ላይ ወራት ቆይቷል። መምህርቲቱ ግን በዚያ ቀን ታሪክ አላስተማሩኝም። ከአፋፉ ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቆሎ አወጡ። ከእኛ በታች ጉም ሸለቆውን ሞልቶት ነበር። አጥንት ከሰማይ እየለቀቀ ድንጋይ ላይ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ ከእግራችን ሥር አለፈ፤ አሞራን ከላይ ወደ ታች ማየት ለእኔ አዲስ ነው። የጭላዳ መንጋም በሣሩ ላይ ተበትኖ ይግጣል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም፤ ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ዋና ምግቡ ሣር የሆነ እሱ ብቻ ነው። ለእኛ ለእንግዶቹ ጌጥ ነው፤ ገብስ ለዘራ ገበሬ ግን ሌባ ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው ማሳ የሚጠብቁትም በእሱ ምክንያት መሆኑን መምህርቲቱ ነገሩኝ፤ በዚህ ላይ ድምፃቸው ጠንከር ይላል።

ስለ እንቆቅልሹ የሰማሁት እዚያው አፋፉ ላይ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የእንቆቅልሽ ነው። ልጆቹ ከአያቶቻቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ካጡ ራሳቸው ይፈጥራሉ። አንዱ «ለምድ ለብሷል ጀግና አይደለም፣ እጅ አለው አይሠራም፣ እንደ በግ ይግጣል አይታረድም» ብሎ ሁሉንም አስቸገረ፤ መልሱ ጭላዳ ነው። እንደምታውቁት፣ መልሱ የጠፋው ወገን አገር ይሰጣል። ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል፤ ተጠያቂው «ጎንደርን» ወይም «አዲስ አበባን» ብሎ ይገላገላል። እኛም በልጅነታችን ስንቱን ከተማ ሰጥተን ጨረስን!

ከገጠር ተፈናቅሎ የመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ ወራት ሙሉ ያልተናገረ። አንድ ዓርብ ተራው ደረሰና መልሱን አጣ። «አገር ስጠኝ» አሉት። ዝም አለ። «ጎንደርን ስጥ» ብለው አገዙት። ሰጠ። ጠያቂው አልበቃኝም አለ። ደባርቅን ሰጠ፣ ባሕር ዳርን ሰጠ። ከዚያ አንዱ ተንኮለኛ የልጁን መንደር ስም ጠርቶ «እሷን ስጠኝ» አለው።

«"እሷን አልሰጥም" ብሎ ተነሣ። ጮክ ብሎ። ድምፁን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ክፍሉ ሁሉ ጸጥ አለ። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ የምጽፈው ነገር ግን አልነበረኝም።»

ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍሉ አብሬያቸው ገባሁ። ከኋላ ተቀመጥኩ። «ምን ደስ አላችሁ?» ሲሉ እጆች ወጡ። «ላማችን ወልዳ እንገር በላን።» «ቀጋ ለቀምን፤ እሾሁ ወጋኝ ግን።» «አባቴ ደወለ።» ያ ልጅ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል፤ መንደሩን ያልሰጠው። ተራው ሲደርስ «ምንም» አለ። እኔ መምህርቲቱ የሚያባብሉት መስሎኝ ነበር። «እሺ፤ ለሚቀጥለው ሰኞ» ብለው አለፉ። በኋላ ሲነግሩኝ «ምንም» ማለት በእሳቸው ክፍል የተፈቀደ መልስ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው የጀመሩት በዚያ ስለሆነ።

ስንለያይ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። «"መምህርቲቱ በቆሎና በሻይ ተደስታ ትኖራለች" ብለሽ እንዳትጽፊብኝ። ደስታ ደመወዝን አይተካም። የእኔ ደመወዝና የጤፍ ዋጋ ከተፋቱ ቆይተዋል። የመማሪያ መጽሐፍ ለሦስት አንድ ነው። ይህን ጨምሪበት።» ጨምሬዋለሁ። ከእሳቸው ጋር የተወያየሁበትን ያህል እኔም አምንበታለሁ፤ የመምህሩን ትንንሽ ደስታ እያመሰገንን ትልቁን ችግሩን ብንዘነጋ ነውር ነው።

ያን ጽሑፍ ግን ያኔ አልጨረስኩትም። ሌላ ሥራ፣ የልጅ ሕመም፣ የተለመደው ሁሉ መጣ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በብዙ ቦታ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ስልካቸውን ብደውል ብደውል አልሠራ አለኝ። በሄደ ሰው ጦስኝ እልክልዎ ብዬ ማሾፌ ሁሉ ትዝ እያለኝ ሰነበትኩ።

አንድ ማታ ራሳቸው ደወሉ። ደኅና ናቸው። ልጆቻቸው ደኅና ናቸው። መሶቡ አልቋል፤ ለልጃቸው ሠርግ ሊሆን ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በነበረባቸው ወራት የሰፈሩ ልጆች ሰኞ ሰኞ ደጃፋቸው ላይ እየመጡ «ቲቸር፣ ዛሬስ?» ይሏቸው እንደነበር ነገሩኝ። የዝውውሩን ነገር አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አላነሡትም።

ይልቅ «አንቺስ? ምን ደስ አለሽ?» አሉኝ።

ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ነበር። ትንሿ ልጄ ከመርካቶ ያመጣሁትን ጦስኝ በመዳፏ እያሸች አፍንጫዋን ነክራበታለች፤ ፊቷ ሁሉ ቅጠል ሆኗል። ይህንኑ ነገርኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። ቀጥለውም፦

«የታጨደ ነው ወይስ የተነቀለ?» አሉ።